ግድግዳ የሌለው ወጥ ቤት

ነባር ምግብ ቤቱን ወደ ዘመናዊ የሱሺ ቤት ለመለወጥ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ቀለሙና ጌጡ ኋላ የሚመጣ ሆኖ፣ ዋናው ሥራ በጓዳ ተሰውሮ የኖረውን ተግባረ እድ በእንግዳ ፊት በገሃድ ማውጣት መሆኑን ነው።

ይህ ሥርዓት የተወለደው ከመንገድ ዳር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ፣ እነ ሐናያ ዮሄይን የመሰሉ ባለሙያዎች በኮምጣጤ የተቀመመውን ሩዝ በእጃቸው አድበልብለው፣ ዓሣ ደርበውበት፣ ለመንገደኛው ወዲያው ያቀርቡለት ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ስለ ጤና ጥበቃ ሲባል የመንገድ ዳር የሱሺ ዳሶች በመከልከላቸው፣ ንግዱ ወደ ቤት ሲገባ ባለሙያውና በላተኛው ፊት ለፊት የሚተያዩበት ልማድ በባንኮኒው ጸንቶ ቀረ።

ስለዚህ የቤቱ መሠረት ባንኮኒው ነው። በጃፓን ከፍ ያለ ክብር የሚሰጠው ባንኮኒ የሚሠራው ሂኖኪ ከተባለውና ከአገራችን ጥድ ጋር በአንድ ቤተ ዘመድ ከሚመደበው ዛፍ ሲሆን፣ በየ20 ዓመቱ እንደገና የሚታነጸው የኢሴ ቤተ መቅደስም የሚሠራው በዚሁ እንጨት ነው። ተቀምጦ የሚበላው እንግዳና ቆሞ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ዐይን ለዐይን ይተያዩ ዘንድ፣ ከባንኮኒው በስተ ኋላ ያለው ወለል ብዙ ጊዜ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ለእንግዳ የማይታየው ክፍል ነው። ዓሣው በብርድ፣ ሩዙ በሰው ገላ ሙቀት ልክ ሊጠበቁ ስለሚገባ፣ ሁለቱም ከባለሙያው ክንድ ሳይርቁ ለየራሳቸው ስፍራ ያሻቸዋል፤ ባለሙያው እጁንና ቢላዋውን ዘወትር የሚያጥብ እንደ መሆኑ መጠንም፣ የውሃውና የፍሳሹ ቧንቧ ከጓዳ ተስቦ እስከ ባንኮኒው መድረስ አለበት። መብራቱም በሚሠራው እጅ ላይ ጥላ እንዳይጥል፣ የጥብስ ጢስም የዓሣውን ረቂቅ መዓዛ እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሕዝብ በርካሽ ለማስተናገድ የሚሻ ደግሞ የዮሺያኪ ሺራይሺን ብልሃት ይመለከታል፤ ይህ ሰው በቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ሲሄዱ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በኦሳካ አጠገብ የሱሺ ሳህን በእንግዶች ፊት የሚዞርበትን ቤት ከፈተ፤ በ1970 በኦሳካ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽንም ዝናው ተስፋፋ። ቀበቶው በሰከንድ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም እንግዳው ሳይቸኩል መርጦ እንዲያነሣ፣ ምግቡም በጉዞ እንዳይደርቅ የተመጠነ ነው።

እንግዲህ ቤቱን ለመለወጥ የተነሣ ሁሉ ገንዘቡን ከፋኖስና ከሥዕል በፊት ለውሃው፣ ለብርዱና ለባንኮኒው ያውለው፤ የወጥ ቤቱን ንጽሕና በእንግዳ ፊት ለማስመስከር የማይደፍር ግን ግድግዳውን ባያፈርስ ይሻለዋል።