ድምፅ የሌለው ፊልም ተዋናይት ምስክርነት፦ የሉዊዝ ብሩክስ ጽሑፎችና ለራያ ታሪክ ጥናት የሚሰጡት ትምህርት

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሉዊዝ ብሩክስ የተባለችው አሜሪካዊት የፊልም ተዋናይት ስለ ቀድሞው ሆሊውድ የጻፈቻቸውን ጽሑፎች ነው። የቆቦንና የራያን ቆላ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ጉዳዩ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በካሜራ ፊት የቆመው ሰው የደረሰበትን ራሱ ሲናገርና ሌላው ስለ እርሱ ሲናገርለት ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የሚለው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ድምፅ የሌለው ፊልም ምን እንደ ነበረ፣ ቀጥሎ የብሩክስን ሕይወትና ጽሑፎች፣ በመጨረሻም ከእነርሱ የምናገኘውን ትምህርት በአጭሩ እናስረዳለን። ለይተን ካላመለከትን በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ድምፅ የሌለው ፊልምና የጠፋው ማስረጃ

እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ በሲኒማ ቤቶች ይታይ የነበረው ፊልም በአብዛኛው ድምፅ አልነበረውም። ተዋናዮቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ እንጂ ንግግራቸው አይሰማም፤ አስፈላጊው ቃል በጽሑፍ በመጋረጃው ላይ ይወጣል፤ በአዳራሹም ውስጥ ሙዚቃ ይመታል። በአገራችን የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው በዚሁ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ነው። ሥጋ የለበሰ የማይመስል ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ ማየት ለተመልካቹ እንዴት ያለ ነገር እንደ ነበረ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ፊልሙ የሚሠራበት ናይትሬት የተባለው ነገር በቀላሉ የሚቃጠልና በጊዜ ብዛት የሚበሰብስ ነበር። ከዚህም በላይ ድምፅ ያለው ፊልም በመጣ ጊዜ ኩባንያዎቹ የቀድሞውን ሥራ ገንዘብ የማያስገኝ ዕቃ አድርገው ስለ ቈጠሩት ብዙውን ጣሉት። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1912 እስከ 1929 ድረስ በአሜሪካ ከወጡት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሥራው ራሱ ከጠፋ የሚቀረው ስለ ሥራው የተጻፈው ነው። በዚያ ዘመን ከተጻፈው ውስጥ ግን ብዙው የወጣው ከኩባንያዎቹ የማስታወቂያ ክፍሎች ነበር። የማስታወቂያ ክፍል ተግባሩ ፊልም መሸጥ ስለ ሆነ የተዋናዩን ዕድሜ፣ የትውልድ ታሪክና ጠባይ ለገበያ እንዲስማማ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ተዋናዮች ራሳቸው የጻፉት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

፪. የብሩክስ ሕይወት በአጭሩ

ሉዊዝ ብሩክስ በ1906 በካንሳስ፣ ቼሪቬል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ፣ እናቷ ፒያኖ የምትጫወት ሴት ነበሩ። በ1922፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ ዴኒሾን ከተባለው የዳንስ ቡድን ጋር ለመሥራት ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። በ1925 ከፓራማውንት ኩባንያ ጋር ተዋውላ በፊልም መሥራት ጀመረች፤ በ1927ም ወደ ሆሊውድ ተዛወረች።

በ1928 ድምፅ ያለው ፊልም እየተስፋፋ ሲሄድ ኩባንያዎቹ ከተዋናዮች ጋር የነበራቸውን ውል እንደገና መመርመር ጀመሩ። የፓራማውንት ሥራ መሪ የነበረው ሹልበርግ ለብሩክስ በውሏ መሠረት የምትጠብቀውን የደመወዝ ጭማሪ ከለከላት፤ ወይ በቀድሞው ደመወዝ እንድትሠራ ወይ እንድትሄድ ምርጫ ሰጣት። እርሷም መሄዱን መረጠች። ወደ በርሊን ተሻግራም ፓብስት ከተባለው ዲሬክተር ጋር በ1929 የታዩትን «የፓንዶራ ሣጥን»ንና «የጠፋች ልጅ የቀን ማስታወሻ»ን ሠራች። በመጀመሪያው ፊልም የተጫወተችው ሉሉ የተባለችውን ሴት ነበር።

ከበርሊን እንደ ተመለሰች ፓራማውንት ቀድሞ ያለ ድምፅ በሠራችው አንድ ፊልም ላይ ድምፅዋን እንድትጨምር ጠየቃት፤ እምቢ አለች። ኩባንያውም ማርጋሬት ሊቪንግስተን የተባለችው ሌላ ተዋናይት በብሩክስ ምስል ላይ እንድትናገር አደረገ። ወዲያውም የብሩክስ ድምፅ ለፊልም አይስማማም የሚል ወሬ ተነዛ። ድምፅዋ ያልተሰማ ሴት በድምፅዋ ምክንያት ተነቀፈች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራዋ እየቀነሰ ሄዶ የመጨረሻ ፊልሟን በ1938 ሠራች። በ1940ዎቹም በኒው ዮርክ በአንድ ትልቅ መደብር ሻጭ ሆና እስከ መሥራት ደረሰች።

፫. ጽሑፎቿና ዋና አሳባቸው

በ1956 ጄምስ ካርድ የተባለው በሮቸስተር ከተማ የጆርጅ ኢስትማን ቤት የፊልም መዝገብ ኃላፊ ወደዚያ እንድትሄድ መከራት። ብሩክስ በዚያ ተቀምጣ በወጣትነቷ አይታቸው የማታውቃቸውን የራሷንም ሆነ የሌሎችን አሮጌ ፊልሞች እየተመለከተች መጻፍ ጀመረች። ጽሑፎቿ በእንግሊዝና በአሜሪካ የፊልም መጽሔቶች ታተሙ። ከእነርሱም ሰባቱ ተሰብስበው በ1982 «ሉሉ በሆሊውድ» በሚል ስም በመጽሐፍ ወጡ። ብሩክስ በ1985 በሮቸስተር ዐረፈች።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች ሴቶችም ጽፈዋል። ሜሪ ፒክፎርድ በ1955፣ ኮሊን ሙር በ1968፣ ሊሊያን ጊሽ በ1969 የሕይወት ታሪካቸውን አሳትመዋል። ብሩክስን ከእነርሱ የሚለያት ከትዝታ ይልቅ የሥራውን አሠራር መመርመሯ ነው። ለምሳሌ ያህል ስለ ጊሽና ስለ ግሬታ ጋርቦ በጻፈችው ውስጥ የምታስረዳው አሳብ የሚከተለው ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ የፊልም ኩባንያዎች ከባንክ ገንዘብ ጋር ይበልጥ በተሳሰሩ ጊዜ መሪዎቹ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውንና በሥራቸው ላይ ሥልጣን ያላቸውን ተዋናዮች ለማዳከም ተነሡ። አንዲት ተዋናይት ገበያዋ ቀዝቅዟል ከተባለ ምክንያቱ ሁልጊዜ የሕዝቡ መጥላት አልነበረም፤ በርካሽ ደመወዝ የምትሠራ አዲስ ተዋናይት በመገኘቷም ሊሆን ይችል ነበር። የድምፅ መምጣትም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥሩ ሰበብ ሆነ።

ሌላው የጽሑፎቿ ጥቅም የዕለት ሥራውን ማስታወቃቸው ነው። በ1928 ከዲሬክተሩ ዌልማን ጋር በሜክሲኮ ወሰን አጠገብ በሃኩምባ ስለ ተሠራው ፊልም ስትጽፍ የባቡሩን አደጋ፣ የሠራተኞቹን አኗኗር፣ አለቃ ከበታቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት ትገልጻለች። በመጋረጃው ላይ ተመልካቹ የሚያየው በባቡር ላይ የምትዘል ልጃገረድን ነው፤ ጽሑፉ ግን ለአደጋው ማን እንደ ተጋለጠና ማን እንዳዘዘ ይነግረዋል።

፬. ምስክሯ ምን ያህል ትታመናለች?

ተበዳይ ነኝ የሚል ሰው ምስክርነት በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ብሩክስ የጻፈችው ነገሩ ከተፈጸመ ከ25 ዓመት በኋላና ከኩባንያ መሪዎች ጋር ከተጣላች በኋላ ነው። ስለዚህ የቃሏን እውነትነት ከውሎች፣ ከደመወዝ መዝገቦችና ከዘመኑ ጋዜጦች ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ለእርሷ ይመሰክሩላታል። የመጀመሪያው፣ ትዝታዋን ከፊልሞቹ ጋር እያመዛዘነች መጻፏ ነው። ሁለተኛው፣ የራሷን ጥፋትና ግትርነት አለመሸፈኗ ነው። ሙሉ የሕይወት ታሪኳን ለምን እንደማትጽፍ ስትገልጽም ስለ ግል ሕይወቷ እውነቱን በሙሉ ለመናገር ፈቃደኛ አለመሆኗን በግልጽ አስታውቃለች። የተወውን ነገር የሚያስታውቅ ምስክር ሁሉን ተናገርሁ ከሚለው ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል።

፭. ለራያና ለቆቦ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1973 በወሎ የደረሰው ረሃብ ለዓለም የተገለጠው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በዚያው ዓመት ባሳየው ፊልም ነው። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀጣጥሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር)፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በ1984 በጥቅምት ወር ደግሞ መሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ አላማጣን አልፎ ግራ ካሱን ሲወጡ በሚገኘው በኮረም ያነሡት ፊልም በቢቢሲ ተሠራጭቶ ዓለምን አነሣሣ።

እነዚህ ፊልሞች ያስገኙትን እርዳታ ማንም አይክድም። ነገር ግን ፊልሞቹ ድምፅ ያላቸው ቢሆኑም በውስጣቸው በአብዛኛው የሚሰማው የጋዜጠኛው ወይም የውጭ አገር ሐኪም ድምፅ ነው። የተራበው ሰው ይታያል እንጂ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ፣ በሬውን በስንት እንደ ሸጠ፣ ማንን በመንገድ እንደ ቀበረ አይናገርም። በ1967 ዓ.ም. በተቀጣጠለው ፊልም ላይም የወሎ ሰው ምስል እርሱ ያልተጠየቀበትን ክርክር አስረዳ። በብሩክስ ምስል ላይ የሌላ ሴት ድምፅ እንደ ተጨመረ ሁሉ በእኛም ሰዎች ምስል ላይ የሌላ ሰው ቃል ተጨመረ።

በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት አለ። በእንዲህ ያለ ሸንጎ የከሳሽም የተከሳሽም ቃል ሳይሰማ ነገር አይቈረጥም። የታሪክ ጥናትም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።

ስለዚህ ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ልንሠራው የሚገባ ሥራ አለ። በ1973 ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰባ አልፎታል፤ ጊዜው አጭር ነው። በቆቦ፣ በዞብል ግርጌ፣ በአላማጣና በኮረም የሚገኙ አረጋውያን ቃላቸው መጻፍ አለበት። የሚጠየቁትም ስለ ረሃቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ቀረጻውም ጭምር ነው፤ ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ምን ነበረ፣ የት እንዲቀመጡ ታዘዙ፣ ማን አስተረጐመላቸው፣ የተናገሩትስ ቀርቶ እንደ ሆነ ምን ነበር? ራያ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚነገርበት አገር ስለ ሆነም እያንዳንዱ ቃል በተነገረበት ቋንቋ መመዝገብ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የተገኘው ከእርዳታ መዝገቦችና ከፊልሞቹ ጋር ይመሳከራል።

ብሩክስ መጻፊያና መጽሔት አግኝታ በሕይወት ሳለች መልስ ሰጠች። በኮረም ሜዳ ተቀምጠው የተቀረጹት ብዙዎች ግን ይህን ዕድል አላገኙም። ዕድሉን ልንሰጣቸው የምንችለው በሕይወት ያሉት ገና መናገር በሚችሉበት በዚህ ጊዜ ነው።