ከልጅዎ ጋር የሚያነቡት ልብ ወለድ

እዚህ አሜሪካ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ነው የምሠራው። የእኛ አገር ሰዎች የሆኑ ወላጆች ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ለአሥር ዓመት ልጄ ምን ላስነብበው?»

ብዙ ጊዜ ቀድሜ የማነሳው የኬሊ ያንግን «ፍሮንት ዴስክ» (እ.ኤ.አ. 2018) ነው። ሚያ ታንግ የ10 ዓመት ልጅ ናት። ከቻይና የመጡት ወላጆቿ ካሊፎርኒያ በሚገኝ ሞቴል ክፍል ሲያጸዱ፣ እሷ እንግዳ ትቀበላለች። ጸሐፊ መሆን ትፈልጋለች፤ እናቷ ግን «ሒሳብሽን አጥኚ» ባይ ናት። (ይህችን እናት የማያውቅ የሐበሻ ቤት ካለ ንገሩኝ!) የቤት ኪራይ፣ ክፉ አሠሪ፣ ከክፍል ጓደኛ የሚደበቅ ድህነት፣ ሁሉም አለበት፤ ደግሞም ያስቃል።

እንግሊዝኛው ቢከብድዎ አያፍሩ። ልጁ ማታ ማታ ያነበበውን ምዕራፍ በአማርኛ ይተርክልዎ። ቃል ሲጠፋው እርስዎ ያቀብሉታል፤ እግረ መንገዱን አማርኛውም ይጠነክራል።

የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» (2010) ደግሞ ወደ እኛው አገር ያደርሳል። ሳልቫ ዱት የተባለው የደቡብ ሱዳን ልጅ ጦርነት ሸሽቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢታንግ መጠለያ ይገባል፤ በኋላም የጊሎን ወንዝ ይሻገራል። ታሪኩ እውነተኛ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው። መጽሐፉ ቀጭን ቢሆንም ሞት ስላለበት ልጁን ብቻውን አይተዉት።

«ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ንባብ አይባልም» ለሚሉኝ አባቶች የጄሪ ክራፍትን «ኒው ኪድ» እሰጣቸዋለሁ። በ2020 ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪን ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው የሥዕል ልብ ወለድ ነው።