የደመወዝ ጣሪያው ማንን ይከልላል?

በከበርቴው ሥርዓት ውስጥ የሙያ ስፖርት ከማናቸውም የንግድ ዘርፍ የተለየ ዓለም አይደለም። ባለቤት አለው፤ ጉልበቱንና ችሎታውን ሸጦ የሚያድር ሠራተኛ አለው፤ በሁለቱ መካከልም የማያቋርጥ የጥቅም ቅራኔ አለ። ተመልካቹ ግን ሜዳውን እንጂ የሒሳብ መዝገቡን ስለማያይ፣ አንድ ቡድን ወድቆ ሲነሣ ምክንያቱን ለአሠልጣኙ ብልሃት ወይም ለአንድ ኮከብ ጀግንነት ሰጥቶ ያልፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። የክፍያ ወሰን በተበጀለት ሊግ ውስጥ የፈረሰ ቡድን እንደገና ሲገነባ የግንባታው ዋጋ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል? መልሱን የምንፈልገው ኳሱ ሞላላ ሆኖ በእጅ በሚያዝበትና በሚወረወርበት በአሜሪካ እግር ኳስ፣ በተለይም በዴንቨር ብሮንኮስ ክለብ ታሪክ ውስጥ ነው።

የደመወዝ ጣሪያ የሚለው አነጋገር ለአገራችን የስፖርት ወዳድ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ያ ወሰን የተጣለው በእያንዳንዱ ግለሰብ ላይ ነው። የአሜሪካው ጣሪያ ግን በቡድኑ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ክለቡ በአንድ ዓመት ለተጫዋቾቹ ሁሉ በሒሳብ ሊያስመዘግብ የሚችለው ድምር ነው። ለአንዱ ብዙ ከተሰጠ ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል። በመሆኑም ተጫዋቹ ከባለቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ከተሰለፈው ባልደረባው ጋር ጭምር በአንድ መሶብ ላይ ይሻማል።

ይህ ጣሪያ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1987 ተጫዋቾቹ፣ ውሉን የጨረሰ ሁሉ ወደ ፈለገው ክለብ የመሄድ መብቱ ይከበር ብለው ሥራ አቆሙ። ባለቤቶቹ ምትክ ተጫዋቾች ቀጥረው ውድድሩን ቀጠሉ፤ አድማውም 24 ቀናት ቆይቶ ያለ ውጤት ተበተነ። ትግሉ ወደ ፍርድ ቤት ዞረ፤ በ1992 ጁሪው ለተጫዋቾቹ ፈረደ፤ በ1993 ስምምነት ተደረሰ። ተጫዋቾቹ የመዘዋወር መብታቸውን አገኙ፤ በለውጡም ጣሪያውን ተቀበሉ። በ1994 በሥራ ላይ ሲውል ለአንድ ቡድን 34.6 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ጣሪያ በ2024 ወደ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። ከጣሪያው ጋር ክለቦች ዝቅ ሊሉበት የማይችሉት ወለልም አለ፤ በ2020 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት መሠረት የተጫዋቾቹ ድርሻ ከሊጉ ገቢ 48 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ሸሽጎ ጣሪያውን በደፈናው ማውገዝ ይቀል ነበር፤ ትክክል ግን አይሆንም።

ወደ ዴንቨር እንመለስ። ክለቡ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ራስል ዊልሰን የተባለውን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ሰው፣ ከሲያትል አስመጣ። ለልውውጡ ሦስት ተጫዋቾችንና ወጣቶችን በቅድሚያ የመምረጥ በርካታ ዕድሎችን ሰጠ፤ ከነዚህም ሁለቱ የአንደኛ ዙር ነበሩ። በነሐሴ የዎልማርት መደብሮች መሥራች ልጅ ሮብ ዎልተን የሚገኝበት የባለ ሀብቶች ስብስብ ክለቡን በ4.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ወዲያውም ለዊልሰን ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የአምስት ዓመት ተጨማሪ ውል ተፈረመለት። ውጤቱ በመጀመሪያው ዓመት 5 ድልና 12 ሽንፈት ሆነ።

እዚህ ላይ የሒሳቡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ክለቡ ለተጫዋቹ 50 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ገንዘብ ቢሰጥ ገንዘቡ ለተጫዋቹ ቶሎ ይከፈለዋል፤ በጣሪያው መዝገብ ላይ ግን ለአምስት ዓመት ተከፋፍሎ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ሆኖ ይጻፋል። በዱቤ መግዛት ማለት ነው። ተጫዋቹ ከውሉ በፊት ከተሰናበተ ያልተጻፈው ቀሪ ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል። ሰውየው ሜዳ ላይ የለም፤ ሒሳቡ ግን ከጣሪያው ሥር ቦታ ይዞ ይቀመጣል። በሊጉ አነጋገር ይህ የሞተ ገንዘብ ይባላል።

በ2023 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ዊልሰን ከቋሚ ተሰላፊነት ወረደ። በቀጣዩ መጋቢት በክለቡ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ ወይም ጉዳት ከደረሰበት፣ የ2025 ደመወዙ 37 ሚሊዮን ዶላር የተረጋገጠ ይሆንለት ነበር። ክለቡ ይህን አንቀጽ እንዲያሻሽል፣ እምቢ ካለ ግን እንደማይሰለፍ አስቀድሞ እንደነገረው ዊልሰን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፤ አሠልጣኙ ሾን ፔይተን በበኩሉ ውሳኔው የጨዋታ ጉዳይ ነው አለ። በመጋቢት 2024 ተሰናበተ። የሞተው ገንዘብ 85 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 53 ሚሊዮኑ በ2024፣ 32 ሚሊዮኑ በ2025 መዝገብ ላይ ተጻፈ። የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ ብቻ ከጣሪያው አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ባለቤቶቹ ይህን ጉድጓድ ከኪሳቸው መሙላት አይችሉም ነበርን? በገንዘብ ረገድ ይችላሉ፤ ደንቡ ግን ይከለክላቸዋል። ስለሆነም ጉድጓዱ የተሞላው ከሌሎች ተጫዋቾች ቦታ ላይ ተቆርሶ ነው። ለስምንት የውድድር ዘመን በክለቡ ያገለገለው ተከላካይ ጀስቲን ሲመንስ ተሰናበተ፤ በእሱ መሄድ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ቦታ ተለቀቀ። ጄሪ ጁዲ ወደ ክሊቭላንድ ተላለፈ። በዊልሰን ውል ላይ ሁለቱም አልፈረሙም።

የኳርተርባኩን ቦታ የያዘው በ2024 ድራፍት በ12ኛ ደረጃ የተመረጠው ቦ ኒክስ ነው። ድራፍት ማለት ወጣቱ አሠሪውን የማይመርጥበት፣ አሠሪዎች በተራቸው ወጣቱን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ዋጋውም አስቀድሞ ተተምኗል። በ2010 በአንደኛነት የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ78 ሚሊዮን ዶላር የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ ነበር፤ በ2011 ባለቤቶቹ የሥራ በር ዘግተው ከቆዩ በኋላ በተደረሰው ስምምነት ለአዲስ ገቢዎች ታሪፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት አንደኛ የሆነው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን አገኘ። ስምምነቱን የፈረሙት ነባር ተጫዋቾች ናቸው፤ ገና ኮሌጅ የነበሩት ወጣቶች በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም። ኒክስም በዚሁ ታሪፍ መሠረት ለአራት ዓመት 18.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ዴንቨር ለዊልሰን ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዊልሰን ግን የሚጫወተው ለፒትስበርግ ነበር፤ ፒትስበርግ የከፈለው 1.21 ሚሊዮን ብቻ ነው።

በሜዳ ላይ ግንባታው ተሳካ። ብሮንኮስ በ2024 በ10 ድልና በ7 ሽንፈት፣ ከ2015 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ በቡፋሎ 31 ለ7 ተሸንፎ ወጣ። ተከላካዮቹ የተጋጣሚን ኳርተርባክ ኳሱን ሳይለቅ 63 ጊዜ በመጣል ከሊጉ አንደኛ ሆኑ። በዚህ የክለቡን የሥራ ችሎታ መካድ አይገባም፤ ለጠንካራ ተከላካዩ ለፓትሪክ ሰርቴን የ96 ሚሊዮን ዶላር ውል ለመስጠትም ቦታ አግኝቷል። ነገር ግን ያ ቦታ የተገኘው የቡድኑ ዋና ሠራተኛ በርካሽ ስለሠራ ነው።

ሚሊዮን ዶላር የሚያገኝ ሰው ምን ዓይነት ሠራተኛ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የክፍያው ብዛት ግንኙነቱን አይለውጠውም፤ ተጫዋቹ የሚሸጠው ሰውነቱን ነው፣ ሰውነቱም ቶሎ ይሰበራል። ከ53ቱ የቡድን አባላት መካከል ብዙዎቹ ውላቸው ያልተረጋገጠ፣ በማንኛውም ቀን ሊሰናበቱ የሚችሉ ናቸው።

የሚያስገርመው ዊልሰን ራሱ በአንድ ወቅት የኒክስን ቦታ ይዞ መኖሩ ነው። በ2012 በሦስተኛ ዙር ተመርጦ ለአራት ዓመት በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያትልን ሲያገለግል፣ ክለቡ በተረፈው ቦታ ጠንካራ ተከላካዮችን አሰባስቦ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜው 43 ለ8 የተሸነፈው ዴንቨር ነበር። በ2015 ዊልሰን የ87.6 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ያ ትርፍ ቦታ ጠበበ።

ኒክስም ሦስት የውድድር ዘመን ሳይፈጽም ውሉ እንዲሻሻል ደንቡ አይፈቅድም። ሦስተኛው የ2026 ነው። ከዚያ በኋላ የገበያ ዋጋውን ሲጠይቅ፣ በርካሽነቱ የተለቀቀው ቦታ ተመልሶ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ከክለቡ ማን እንደሚሰናበት የሚወስነውም ያው የጣሪያ መዝገብ ነው።