ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ፤ ስለ ፊዚክስ ክለሳ

የፈተና ወራት ሲቃረብ የትምህርት ቤታችን ግቢ መልኩ ይለወጣል። ከሜዳው ላይ ኳስ ሲያባርር ይውል የነበረው ሁሉ ደብተሩን ታቅፎ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከንፈሩም ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ ላየው ሰው ነገሩ ጸሎት ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዳምጡት ግን የፊዚክስ ፎርሙላ ነው።

እኔም ከነዚሁ ሸምዳጆች አንዱ ነበርሁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት 43 ፎርሙላ በካርቶን ላይ ጽፌ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬ ነበር፤ ማታ ስተኛ በመጨረሻ፣ ጠዋት ስነሣ በመጀመሪያ የማየው እርሱን ነበር። ዳሩ ግን የመለማመጃ ፈተና በተሰጠን ጊዜ ከ40 ጥያቄ በትክክል የመለስሁት 14ቱን ብቻ ሆነ። እጅግ አፈርሁ፤ ወረቀቱን ለአባቴ ለማሳየትም ድፍረት አጣሁ። በማግሥቱ ግን ልቤን አበርትቼ የተሳሳትኋቸውን 26 ጥያቄዎች አንድ በአንድ መረመርሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ፎርሙላው ጠፍቶኝ የተሳሳትሁት 5ቱን ብቻ ነው፤ የቀሩትን 21 የተሳሳትሁት ግን ጥያቄው ምን እንደሚጠይቅ ሳይገባኝ ነው። የጎደለኝ ፎርሙላ ሳይሆን የቃል ትርጉም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ መምህሮቻችንም ወላጆቻችንም ያስታውሳሉ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ቢልም፣ ከመቶው ተፈታኝ ከ90 የሚበልጠው ያን መሥመር አላለፈም። ከነዚህ ቁጥሮች በስተኋላ የእያንዳንዳችን ቤት አለ፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባልኛል ብሎ የሚጠባበቅ አባት፣ ከዕለት ወጪዋ ቀንሳ ደብተር የምትገዛ እናት አለች።

ፊዚክስን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምናስበው ግን በየቤታችን ቋንቋ ነው። የቤት ቋንቋ ደግሞ ለኑሮ የተሠራ ስለሆነ፣ ፊዚክስ ለሦስት ከፍሎ የሚለካውን ነገር በአንድ ቃል ይጠራዋል። ይህ የአማርኛ ጉድለት አይደለም፤ እንግሊዛዊው ልጅም ቢሆን በመንገድ የሚናገረው «ወርክ» ከፊዚክሱ «ወርክ» ጋር ይጋጭበታል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱንን ቃላት በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ክብደት። በገበያ «የዚህ ጤፍ ክብደቱ ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቅ «አንድ ኩንታል» ይሉናል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ኪሎ ግራም ግን የማስ እንጂ የዌይት መለኪያ አይደለም። ማስ ማለት በዕቃው ውስጥ ያለው የቁስ መጠን ነው። ዌይት ግን መሬት ያን ዕቃ ወደ ራሷ የምትስብበት ፎርስ ስለሆነ የሚለካው በኒውተን ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የመሬትን ስበት በግምት 10 ኒውተን ብንይዝ፣ የዚያ ጤፍ ዌይት 1000 ኒውተን ይሆናል። ያው ጤፍ ወደ ጨረቃ ቢወሰድ፣ የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ ዌይቱ ወደ 167 ኒውተን ይወርዳል። ማሱ ግን ያው 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ከጆንያው አንዲት ፍሬ እንኳ አልጎደለችምና።

ሁለተኛ፤ ፍጥነት። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. በብራሰልስ ከተማ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ለ15 ዓመት ያህል የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየ ውጤት አስመዘገበ። ርቀቱን በጊዜው ብናካፍል በአማካይ በያንዳንዱ ሰከንድ 6.34 ሜትር ሮጧል ማለት ነው፤ ይህ ስፒድ ነው። አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነበር ተብለን ብንጠየቅ ግን መልሱ ዜሮ ነው! የመሮጫው መም ዙሪያ 400 ሜትር ስለሆነ ሯጩ 25 ጊዜ ዞሮ የጨረሰው ከተነሣበት መሥመር ላይ ነው። ቬሎሲቲ የሚለካው በተሮጠው መንገድ ርዝመት ሳይሆን፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ባለው ቀጥተኛ ርቀትና አቅጣጫ ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ ማካፈሉን በትክክል ሠርቶ ጥያቄውን ይስታል።

ሦስተኛ፤ ፎርስና እንቅስቃሴ። ታክሲው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንወረወርና «ምን ገፋኝ?» እንላለን። ወደ ፊት የገፋን ነገር ግን የለም። ሰውነታችን በያዘው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ቀጠለ እንጂ የቆመው ታክሲው ነው። አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያ አድርጎ ያስቀመጠው ሕግ ይኸው ነው። ፎርስ የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን፣ የአካሄድን ፍጥነት ወይም አቅጣጫ ለመለወጥ ነው። ጋሪ ካልተጎተተ የሚቆመውም መሄድ ስለ ሰለቸው ሳይሆን የመፋተግ ፎርስ ስለሚይዘው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ወጥመድ አለ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከጫፍ ሲደርስ ለአንዲት ቅጽበት ቬሎሲቲው ዜሮ ይሆናል። ብዙዎቻችን በዚህ ተታልለን «አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው» የሚለውን እናከብባለን። አክስለሬሽን ግን ቬሎሲቲ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው፤ በዚያች ቅጽበትም ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ዜሮ ሆኖ ቢቆይ ኖሮ ድንጋዩ እዚያው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር።

አራተኛ፤ ሥራ። ስለዚህ ቃል ከእናቴ ጋር ተከራክሬአለሁ። አንድ ቀን ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዕቃ ተሸክሞ በሜዳ መንገድ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ሰው በዕቃው ላይ ሥራ አልሠራም» እያልሁ ሳነብ ሰማችኝ። ወዲያው ከጓዳ ብቅ ብላ፦

«አንተ ልጅ፣ እኔ በየማለዳው ከቦኖ ውኃ ስሸከም ሥራ አልሠራሁም ነው የምትለኝ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ ሳልሆን ፊዚክስ ነው የሚለው» አልኋት።

«እንግዲያስ ፊዚክስ መጥቶ ይሸከመዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩን ላስረዳት ስሞክር እኔም ጠንቅቄ እንዳልተረዳሁት ታወቀኝ። መጽሐፌን ከዘጋሁ በኋላ በራሴ ቃል እንዲህ አልኋት። በፊዚክስ ወርክ የሚባለው ፎርሱ ዕቃውን በራሱ አቅጣጫ ሲያንቀሳቅሰው ብቻ ነው። ጀሪካኑ 20 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ይኸም 20 ኪሎ ግራም ነው። ቤታችን ከቦኖው 15 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ዳገቱን ስትወጪ በውኃው ላይ የምትሠሪው ወርክ 20 በ10፣ እንደ ገና በ15 ተባዝቶ 3000 ጁል ነው። ዳገቱ አልቆ ሜዳውን ስትሄጂ ግን ጀሪካኑን የምትደግፊው ወደ ላይ ነው፤ የምትራመጂው ወደ ፊት ነው፤ ስለዚህ የመደገፊያው ፎርስ ወርክ አልሠራም።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን ይደክመኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ ከፈተናው ጥያቄ ሁሉ ይበልጥ ጠቀመኝ። ጡንቻችን ዕቃን ይዞ ለመቆም እንኳ በውስጡ ያለ ማቋረጥ እየተኮማተረና እየላላ ከምግብ ያገኘነውን ኢነርጂ ይፈጃል፤ ያም ኢነርጂ በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ድካሟ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድካምና ወርክ አንድ አይደሉም።

አምስተኛ፤ ኃይል። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል። «በሩን በኃይል ዘጋው» ስንል ፎርስ ማለታችን ነው፤ «ምግብ ኃይል ይሰጣል» ስንል ኢነርጂ ማለታችን ነው፤ «የዚህ ሞተር ኃይል ስንት ነው» ስንል ደግሞ ፓወር ማለታችን ነው። ኢነርጂ ወርክ ለመሥራት የሚያስችል ሀብት ነው ብንል፣ ፓወር ያ ሀብት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ የሚናገር ነው። 3500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ1 ሰዓት ቢጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 10 ዋት የሆነች አምፖልም 350 ሰዓት ብትበራ የምትፈጀው ያንኑ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ኢነርጂያቸው እኩል ነው፤ ፓወራቸው ግን በ350 እጥፍ ይለያያል። በግድግዳችን ላይ ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረውም ፓወርን ሳይሆን ኢነርጂን ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ሲነገር የምንሰማው 5150 ሜጋ ዋት የፓወር ቁጥር ነው፤ ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ አቅም ሲሠሩ በየሰከንዱ የሚያመነጩት ነውና። ውኃው ከፍ ብሎ በመጠራቀሙ የያዘው ግን ኢነርጂ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም 1000 ኪሎ ግራም፣ 100 ሜትር ቢወርድ 1,000,000 ጁል ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ይህ ከእናቴ ጀሪካን ጋር አንድ ፎርሙላ ነው። እርሷ ወደ ላይ ስትወጣ ለውኃው የሰጠችውን ዓይነት ኢነርጂ፣ የግድቡ ውኃ ወደ ታች ሲወርድ ለተርባይኑ ይሰጣል።

ስድስተኛ፤ ሙቀት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል በዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በጀበና ግማሽ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ጀምረን ብናፈላ፣ 1 ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4200 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ውኃው 151,200 ጁል ይቀበላል። ለገላ መታጠቢያ 20 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ብናሞቅ ግን የሚቀበለው 1,680,000 ጁል ነው። ለብ ያለው ውኃ ከፈላው ይልቅ ከ11 እጥፍ በላይ ኢነርጂ ተቀብሏል! ሲነኩት የሚያቃጥለው የጀበናው ነው፤ ብዙ እንጨት የሚፈጀው ግን የገላው ነው። የመጀመሪያው ቴምፕሬቸር፣ ሁለተኛው ሂት ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም ሙቀት እንላቸዋለን።

አሁን ደግሞ የክለሳ ዘዴዬን ባጭሩ ልናገር። የደብተሬን ገጽ በአራት ዓምድ ከፍዬ በመጀመሪያው የፊዚክሱን ቃል፣ በሁለተኛው ሰው በቤት የሚለውን፣ በሦስተኛው ፊዚክስ የሚለውን፣ በአራተኛው መለኪያውን እጽፋለሁ። ጥያቄ ስሠራም አስቀድሜ መልሱ ጁል ነው ወይስ ዋት፣ ኒውተን ነው ወይስ ኪሎ ግራም ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ያገኘሁት መለኪያ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ምንም ቢያምር መልሱ ስሕተት ነው። ከዚያም መጽሐፉን ዘግቼ ፎርሙላ ሳልጠራ ለታናሽ እኅቴ አስረዳለሁ፤ እርሷ ካልገባት እኔም አልገባኝም ማለት ነው። በመጨረሻም በአንድ ሌሊት 6 ሰዓት ከማንበብ ለ6 ቀን አንዳንድ ሰዓት ማንበብን መርጫለሁ፤ ቀን ከፋፍሎ ያጠኑት ነገር በአእምሮ ይቆያልና። በፈተናው ዋዜማ መንቃት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው ነው።

ይህን ስል ፎርሙላ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ፎርሙላ እንደ ቁልፍ ነው፤ የትኛውን በር እንደሚከፍት ለማያውቅ ሰው ግን 43 ቁልፍ መታጠቅ ሸክም ብቻ ነው።

በሁለተኛው የመለማመጃ ፈተና ከ40 27 አገኘሁ። ገና 13 ይቀረኛልና የምመካበት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ወረቀቶች፣ የ14ቱንም የ27ቱንም፣ ጎን ለጎን አድርጌ ለአባቴ አሳየሁት። እርሱም የ27ቱን ትቶ የ14ቱን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «ይችን አትጣላት» አለኝ።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ የተሳሳታችሁበትን ወረቀት አትጣሉት፤ መምህራችሁ እርሱ ነው። ቃሉን ከሥሩ መርምሩ፤ ያልገባችሁንም ሳታፍሩ ጠይቁ። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ሲያጠና አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ «እስቲ ለእኔ አስረዳኝ» በሉት። ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ «ታዲያ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ለሁላችንም መልካም ፈተና እንዲሆንልን እመኛለሁ።