ሐኪሙ የማን ነው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ቡና በሚፈላበት ቤት አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ያወራሉ። ልጁ የአሜሪካ ጦር ወታደር ነው፤ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። «ሐኪም ዘንድ ሂድ ብለው፣ ‹እማዬ፣ ሐኪሙም እኮ መኮንን ነው፤ አለቃዬን ያውቀዋል› አለኝ። ለመሆኑ ሐኪሙ የማን ነው?» አሉ። ሁለተኛው ቡና ተቀዳ፣ ወሬውም ተቀየረ። ጥያቄው ግን የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ ለወራት ሲከተለው ከረመ።

በጦሩ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ለዓመታት ረዳት ሆኖ የሠራ፣ ስሙ እንዳይጠቀስ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እኛ በየጠዋቱ እንወጣ ነበር» ይላል። «ወታደሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን ደረቴ ላይ ያለውን ማዕረግ ነው። ምን ያህል እንደሚነግረኝ የሚወስነው እሱን አንብቦ ነው። አንዱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ‹ይሄ ይጻፋል?› አለኝ። ይጻፋል አልኩት። ‹እንግዲያውስ ደህና ነኝ› ብሎ ተነሣ።»

በበሽተኛውና በጦሩ መካከል የመቆም ጭንቅ መቶ ዓመት አልፎታል። በ1917 (ዘመኖቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ባለቅኔና መኮንን ሲግፍሪድ ሳሱን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሆን ተብሎ እየተራዘመ ነው ሲል በአደባባይ ተቃወመ። ወዳጁ ሮበርት ግሬቭስ መሃል ገብቶ ከጦር ፍርድ ቤት አዳነውና ኤድንብራ አጠገብ ወዳለው ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ተላከ። እዚያ የተቀበለው ዶክተር ሪቨርስ እሱም የጦሩ ካፒቴን ነበር። ሪቨርስ አያስፈራራም፤ ያዳምጣል። ሳሱንም እንደ አባት ወደደው። ይሁን እንጂ የሪቨርስ ሥራ መኮንኖችን አድኖ ወደ ግንባር መመለስ ነበርና ሳሱን በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ግዳጅ ተመለሰ። በ1918 ራሱ ላይ ተመታ፤ ተረፈ። እዚያው ሆስፒታል የተዋወቀው ዊልፍሬድ ኦወን ግን ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ። ሪቨርስ በኋላ ስለ ሕልም በጻፈው መጽሐፍ በሽተኛው እሱን ራሱን ቢያሳምነውስ የሚል ስጋት በእንቅልፉ ሳይቀር ይመጣበት እንደነበር ገልጿል።

ተራው ወታደር ይህን ያህል ርኅራኄ አላገኘም። ለንደን ውስጥ ዶክተር ሉዊስ ዪላንድ አንደበታቸው የተዘጋ ወታደሮችን በኤሌክትሪክ ንዝረት ያናግር ነበር። ብሪታንያ በፈሪነት፣ በመክዳትና በመሰል ክስ 306 ወታደሮቿን ረሸነች። ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ነው። ቪየና ውስጥ ደግሞ በ1920 ፕሮፌሰር ዋግነር-ያውሬግ ወታደሮችን በኤሌክትሪክ አሠቃይቷል ተብሎ በአጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። አስተያየት እንዲሰጥ የተጠራው ሲግመንድ ፍሮይድ በባልደረባው ክፋት አላየም፤ የሐኪሞቹን ሚና ግን ከግንባር ጀርባ ተጠምዶ የሚሸሸውን ከሚመልስ መትረየስ ጋር አመሳሰለው። ፕሮፌሰሩ ነጻ ወጣ፤ በ1927ም በሌላ ሥራው ኖቤል ተሸለመ።

ሲቪሉ ሐኪምም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በ1969 በካሊፎርኒያ በርክሌይ አንድ ተማሪ አንዲትን ወጣት እንደሚገድል ለሥነ ልቦና ባለሙያው ነገረ። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊስ ይዞ ለቀቀው። ለልጅቷ የነገራት አልነበረም፤ ተገደለች። ታራሶፍ በተባለው ክስ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ሐኪም አደጋ የተጋረጠበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ልዩነቱ ሲቪሉ ምስጢር የሚያወጣው ለሰው ሕይወት ሲል መሆኑ ነው። በወታደሩ በኩል ግዳጅም ሚዛን ላይ ይወጣል።

የአሜሪካ መከላከያ በ2011 ባወጣው መመሪያ ምስጢር መጠበቅ መነሻ ነው፤ ራስን ወይም ሌላውን የመጉዳት አደጋ፣ በግዳጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ሆስፒታል መተኛትና የመሳሰሉት ሲያጋጥሙ ግን ለአዛዥ ይነገራል። «ግዳጅን ይጎዳል» የሚባለው የቱ ነው? አንድ የጦሩ ሕክምና ተቋም ኃላፊ ጥያቄው በጽሑፍ ይላክልኝ አሉ፤ ተላከ። በስልክ ሲጠየቁ «መመሪያው ግልጽ ነው» ብለው ዘጉ።

የሚከፈለውን ዋጋ ወታደሮቹ ያውቁታል። ከ2001 እስከ 2007 ከ22 ሺህ በላይ የሚሆኑት «የስብዕና መዛባት» ተብለው ተሰናብተዋል። ችግሩ ከውትድርና በፊት የነበረ ነው ስለሚባል የአካል ጉዳት ክፍያ አያስገኝም። በ2021 የተፈረመው የብራንደን ሕግ ወታደር በፈለገ ጊዜ ምርመራ እንዲጠይቅ መንገድ ከፍቷል።

አዛዥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ራሱን ወይም ጓዱን ሊገድል ሲቃጣ ማወቅ አለበት። ወታደሩም አፉን ከመክፈቱ በፊት ከሚናገረው የትኛው ከክፍሉ እንደሚወጣ ሊነገረው ይገባል። የቀድሞው ረዳት በዚህ ይስማማል፤ «ሰው የሚቆስለው ሳይነግሩት ሲጽፉበት ነው» ይላል።

የእናትየው ልጅ በመጨረሻ ሄዷል። ሳይቀመጥ «ለአለቃዬ የሚደርሰው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ አንድ በአንድ ዘረዘረለት። ያን ዕለት ስለ እንቅልፉ ብቻ አወሩ፤ ለቀጣዩ ሳምንትም ቀጠሮ ይዞ ወጣ።