በድንጋይ ላይ ያለው ስምና በጸሎት የሚጠራው ስም

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ አፍንጮ በር የወረደ መንገደኛ፣ በአጥር የተከለለ፣ ዛፍና አበባ የተተከለበት፣ ረጅም ሐውልትም የቆመበት አንድ ጸጥ ያለ ስፍራ ያገኛል። ይህ ስፍራ በኮሪያ ጦርነት ለዘመቱትና ደማቸውን ላፈሰሱት ኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በ1998 ዓ.ም. የተሠራ ነው። እኛም በዚያ በኩል ለብዙ ዓመታት ስንመላለስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ ገብተን አናውቅም ነበር። መቸኰል የከተማ ሰው ጠባይ ነውና፣ ሐውልቱን ከሩቅ አይተን በልባችን ነፍሳቸውን ይማር ብለን ማለፉ የሚበቃ ይመስለን ነበር።

ባለፈው ጥቅምት በአንዲት የቅዳሜ ጧት ግን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን አስከትለን ሄድን። የጉዞው ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው። በታሪክ ትምህርት ጊዜ ስለ ቃኘው ሻለቃ ጥቂት ቃል ተናግረን ሳንጨርስ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ኮሪያ የት፣ እኛ የት? ምን አግብቶን ሄድን?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉም ሁሉ ሳቀ። ለእነዚህ ልጆች ኮሪያ ማለት ስልክና የቴሌቪዥን ድራማ የሚመጣባት ባለጠጋ ሀገር ናት እንጂ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት በብርድ የሚንከራተቱባት ምድር እንደ ነበረች ማን ነግሮአቸው ያውቃሉ? ስለዚህ ጥያቄውን በክፍል ውስጥ በችኰላ ከመመለስ ይልቅ በእግር እየሄድን እንመልሰው ብለን ቈረጥን።

በመንገድም እንዲህ ብለን አስረዳናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ተበደለው ሕዝባቸው አቤት አሉ፤ ቃላቸውን የሰማ ብዙ ሲሆን ለመርዳት የተነሣ ግን አልተገኘም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡቡን በወረረ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ለእርዳታ ጠራ። ጮኾ ረዳት ያጣ ሕዝብ የሌላውን ጩኸት ሰምቶ ዝም ቢል በራሱ ላይ እንደ መፍረድ ይሆንበታል። ኢትዮጵያም ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ወታደሮችዋን ላከች፤ ሻለቃውም በልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። በሌተና ኰሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ ወደብ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጕዞ ቡሳን ደረሰ፤ በአሜሪካም 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ ወደ ተራራማው ግንባር ዘለቀ።

ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ስምምነት እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ። የተዋጉት 3,518፣ የቈሰሉት 536 እንደ ሆኑ ተመዝግቧል። በሞቱት ቍጥር ላይ ግን መዝገቦቹ አይስማሙም፤ አንዱ 121 ሲል ሌላው 122 ይላል። ይህን ስንነግራቸው በሒሳብ የሚመካ አንድ ተማሪ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ወዲያው አስልቶ ነገረን። ስሌቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ያ አንዱ ሰው እናት ነበረችው አልነው፤ ልጁም ከዚያ በኋላ እስከ በሩ ድረስ ዝም ብሎ ሄደ።

በበሩ ላይ አንድ አረጋዊ ዘማች ቀጥረውን ነበርና ከእኛ ቀድመው ደርሰው አገኘናቸው። ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ፣ በሦስተኛው ቃኘው የዘመቱ ናቸው። ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሜዳያቸውን በደረታቸው ደርድረው፣ በላዩ ነጠላቸውን ጣል አድርገው በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። ልጆቹ ተራ በተራ ጕልበታቸውን ሳሙ። እኛ ስለ ጦርነቱ ረጅም ንግግር ያደርጋሉ ብለን ስንጠብቅ፣ እሳቸው ግን ቀስ እያሉ ስም ወደ ተቀረጸበት ድንጋይ ሄደው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አቧራውን ይጠርጉ ጀመር። ለልጆቹ የነገሩአቸው ስለ ብርዱ ነው። በኮዳ ያለው ውኃ እንደ ድንጋይ ይጸና ነበረ፤ ጠመንጃውንም በባዶ እጅ የነካ ቈዳው እየተላጠ ይቀርበት ነበረ። ከዚህም በኋላ በዶንግዱቾን ከተማ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከደመወዛቸው እያዋጡ ወላጅ ለሌላቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ እንደ አቋቋሙ ሲነግሩአቸው የአዛውንቱ ፊት በራ።

ከወንዶቹ ልጆች አንዱ፣ እንደ ፈራነው፣ «አባባ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» ብሎ ጠየቀ። ልንገሥጸው ስንል እሳቸው በእጃቸው ከለከሉን። «ልጄ፣ እሱን እኔና የንስሐ አባቴ ነን የምናውቀው» አሉት። ከዚያ ወዲያ ይህን የመሰለ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ሳይጠየቁ ደጋግመው ተናገሩ፤ «ማንንም ጥለን አልመጣንም» የሚል ነው። ይህ የሽማግሌ ጕራ አይደለም። ከቃኘው ወታደሮች አንድም ሰው ሳይማረክ መቅረቱ በሰፊው የታወቀ ነው። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1945 ዓ.ም. ግንቦት ወር ኢትዮጵያውያን ያደረጉትን ውጊያ በመጽሐፉ ሲተርክ ሙታቸውን በጦር ሜዳ ትተው የማይመለሱ መሆናቸውን መስክሮላቸዋል። በቡሳን ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች የተቀበሩበት ታላቅ መካነ መቃብር አለ፤ የብዙ ሀገር ልጆች እስከ ዛሬ በዚያ ያርፋሉ። የኢትዮጵያውያኑ አስከሬን ግን ባሕር ተሻግሮ ወደ ሀገሩ ተመልሶአል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስንሰማ የዮሴፍ ነገር ትዝ አለን። ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት ዐፅሜን ይዛችሁ ውጡ ብሎ ወንድሞቹን አማለ፤ ሙሴም ሕዝቡን ይዞ በወጣ ጊዜ ሌላው ሰው ወርቅና ብሩን ሲሸከም እርሱ የዮሴፍን ዐፅም ተሸከመ። የእኛ ሰው በባዕድ ሀገር መቀበርን እጅግ የሚፈራው ለምን እንደ ሆነ ብዙዎች ይጠይቁናል። አፈሩ ስለሚለይ አይመስለንም፤ ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ናትና። የሚፈራው ፍትሐት ሳይፈታለት፣ አርባው ሳይወጣለት፣ በሙት ዓመቱም ስሙን የሚጠራ ሳይኖር እንዳይቀር ነው።

በዚህ መካከል አንዲት ልጅ ከጓደኞችዋ ተለይታ በአንድ ስም ፊት ቆማ አየናት። ጣትዋን በፊደሎቹ ላይ ታስኬድ ነበር። ስንጠጋት የአያትዋ አባት መሆናቸውን ነገረችን፤ በመጀመሪያው ቃኘው ሄደው እንዳልተመለሱ፣ አያትዋም ያን ጊዜ ገና በጡት እንደ ነበሩ አወራችን። ከዚህ አስቀድሞ አንድም ቀን አንሥታው የማታውቀው ነገር ነው። ቀጥላም «መምህር፣ የክርስትና ስሙስ የት ተጽፎአል?» አለችን።

እኛ በዲቁና ያደግን፣ በመቅደስ ውስጥ ስም ሲጠራ ስንሰማ የኖርን ሰዎች ነን፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ሆነን ይህን ጥያቄ አስበነው አናውቅም ነበር። በድንጋዩ ላይ ያለው መንግሥት በመዝገቡ የያዘው፣ በሰልፍ የሚጠራው የዓለም ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ወንዱን በአርባ፣ ሴቲቱን በሰማንያ ቀን አጥምቃ ሌላ ስም ትሰጣለች፤ በቍርባን የምትጠራው፣ በፍትሐትም የምታሳስበው በዚሁ ስም ነው። ብዙ ሰው የክርስትና ስሙን ለማንም አይነግርም፤ እናት፣ የክርስትና አባትና የንስሐ አባት ብቻ ያውቁታል። እነዚህ ሦስቱ ሲሞቱ ስሙም አብሮ ይቀበራል። ልጅቱ እንደ ነገረችን አያትዋ በየዓመቱ ለአባታቸው ጸሎት ያሳስባሉ፤ ካህኑ «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁአቸው ግን አላውቀውም ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። የአያትዋም እናት አያትዋ ሕፃን ሳሉ ዐርፈዋልና የሚነግራቸው አልነበረም።

ስሙ ካልተጠራ እግዚአብሔር ያን ወታደር አያውቀውም ለማለት አይደለም። የራስ ጠጕራችንን የቈጠረ አምላክ በዚያ በረዶ ላይ የወደቀውን ባሪያውን ስሙ ጠፍቶት አይፈልገውም። ጐደሎው በእኛ በኩል ነው። አንዲት የሰባ ዓመት አረጋዊት አባትዋን በጸሎት ለመጥራት አፍዋን ከፍታ የምትለው ስታጣ፣ ይህ የድንጋይ ጠራቢ ሊሞላው የማይችል ጕድለት ነው።

ስሞቹ እንዲህ የጠፉበት አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፤ አዛውንቱ ናቸው የነገሩን። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደርግ የሶሻሊዝምን መንገድ በያዘ ጊዜ ከኮሚኒስቶች ጋር የተዋጋ ወታደር መሆን የሚያኰራ ሳይሆን የሚያሳፍርና የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳዩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን በታች ገባ፤ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወረደ፤ አባት ለልጁ ስለ ኮሪያ ማውራቱን ተወ። አንድ ትውልድ ዝም ሲል ሁለተኛው የሚጠይቀውን እንኳ አያውቅም። የተማሪዎቻችንን ሳቅ እንግዲህ በእነርሱ ብቻ ልናመካኝ አንችልም።

ለአዛውንቱ ታክሲ ይዘን፣ ልጆቹን በእግር አድርገን፣ ወደ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄድን። ከኮሪያ የተመለሱት ሙታን ያረፉት በዚያ ቅጽር ከአርበኞቹ ጋር ነው። ልጅቱም አዛውንቱን የአያትዋን አባት ያውቁአቸው እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። አላወቁአቸውም፤ እሳቸው ሲደርሱ የመጀመሪያው ሻለቃ ተመልሶ ነበር። ነገር ግን ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፤ «በምሽግ ውስጥ ሁላችንም የምንጠራራው በዓለም ስማችን ነበር። ሌሊት ግን ሰው ሲጸልይ የክርስትና ስሙን ራሱ ይጠራል። ጐን ለጐን ተኝተን ስለ ነበረ የሦስት ሰዎችን ስም ሰምቼአለሁ። ሦስቱም አልተመለሱም። እኔ እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ አስጠራቸዋለሁ።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መልሰው ሦስቱን ስሞች በቀስታ ጠሩ። በአደራ የተሰሙ ናቸውና እዚህ አንጽፋቸውም።

ይህን ያነበባችሁ አባቶችና እናቶች፣ በቤታችሁ ዳዊት ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ቦታ አይጠፋምና አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የሞቱትንም ያሉትንም ስማቸውን ጻፉ፤ ከዓለም ስማቸው አጠገብ የክርስትና ስማቸውን፣ የተጠመቁበትን ደብር፣ የሞቱበትንም ቀን አኑሩ። ስሙን ምሥጢር አድርጎ መጠበቅ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ምሥጢር የሚጠበቀው ጠባቂ እስካለው ነው። በቤታችሁ ሽማግሌ ካለ፣ ጥያቄውን ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት አታቈዩት።

በሚቀጥለው እሑድ የልጅቱ አያት ከቅዳሴ በኋላ በደብራቸው እንድንገናኝ ላኩብን። ልጅቱ የነገረቻቸውን ሰምተው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታውሱ ኖረዋል። አንድ ነገር ብቻ ትዝ አላቸው፤ እናታቸው በየወሩ በ12 ቀን ዳቦ ጋግረው «የአባትሽ ነው» ይሉአቸው ነበር። እንግዲህ ስሙ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ገብረ ሚካኤል ነው? ወልደ ሚካኤል? ወይስ ኃይለ ሚካኤል? ደግሞም 12 ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር ብቻ ሆኖ ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል። አያቲቱ ለኅዳር ሚካኤል ወደ አባታቸው የትውልድ አጥቢያ ወርደው፣ የክርስትና አባታቸውን ዘሮችና የማኅበሩን ልጆች ሊጠይቁ ስንቅ ማዘጋጀት ጀምረዋል። ልጅቱም አብራ ልትሄድ ከእኛ የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ ፈቀድንላት።

ካህኑ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያም የሙታን ስም የሚጻፍበትን ደብተር ከፍተው የወታደሩን የዓለም ስም ጻፉ፤ ከጐኑም አንድ መስመር ባዶውን ተዉለት።