ለደጋ ጓሮ የሚሆን ትንንሽ ኪያር፤ የዘሩ ምርጫና ዋጋው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ዳገታማ መንገድ ከሚጫነው አትክልት ሁሉ እንደ ኪያር ነጋዴውን የሚያሠጋው ጥቂት ነው። ከመቶው እጅ 95 ያህሉ ውሃ በመሆኑ በመንገድ ይጠወልጋል፤ በደኅና ደርሶ በሱቅ ውስጥ ያደረ እንደ ሆነ ደግሞ የደጋው ብርድ ይጐዳዋል። ፈላጊው ግን አልጠፋም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥርም ከደባርቅ ሆቴሎች እስከ ቡይት ራስ ማረፊያ ድረስ ለሰላጣ የሚሆን አትክልት ይፈለጋል። ስለዚህም ይህን ትንሽ ፍሬ በየጓሮው ማብቀል ይቻል እንደ ሆነ፣ የሚቻልም ከሆነ የትኛውን ዘር መግዛት እንደሚሻል መመርመር ለባለ ሱቁም ለአስመጪውም የሚጠቅም ነገር ነው።

ነገሩን የሚወስነው ከሁሉ በፊት ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ዳባት ወደ 2,600፣ ደባርቅ ከ2,800፣ ቡይት ራስ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በጎንደር ጓሮ ያለ ችግር ያፈራ ኪያር በቡይት ራስ ላይ ያፈራል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የቀድሞ አባቶች ደጋውን ከውርጭ የለዩበት ወሰን ከዚሁ ሥፍራ አጠገብ የሚውል መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የአገሩ ገበሬ ገብስና ባቄላ፣ ድንችና ጎመን የሚያዘወትረው ብርዱን ስለሚያውቅ ነው።

ኪያር በተፈጥሮው የሙቅ አገር ተክል ነው። መሬቱ ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ዘሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላል። አመዳይ የነካው ሐረግ በአንድ ሌሊት ይሞታል። ብርድና የውሃ ጥማት የተፈራረቁበት ተክል ቢተርፍም እንኳ ፍሬው ይመርራል። ኪያር ከዱባ ጎን ስለ ተተከለ ይመርራል የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ዱባና ኪያር ግን ከአንድ ቤተ ሰብ ቢሆኑም አይዳቀሉም፤ ስለዚህ ዱባው በከንቱ ይታማል።

እንግዲህ ለደጋ ጓሮ የሚመረጠው ፍሬው ትንሽ፣ የሚደርስበትም ጊዜ አጭር የሆነው ዘር ነው። ትልቅ ፍሬ የሚያወጣ ዓይነት ብዙ ሙቀትና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ትንሹ ግን ገና በጣት ርዝመት ሳለ ይለቀማል፤ በተለቀመም ቁጥር ሐረጉ ሌላ ያወጣል። በሆምጣጤና በጨው ለማቆየት የሚዘሩት ትንንሽ ዓይነቶች በሙቅ አገር በ50 ወይም በ55 ቀን ይደርሳሉ፤ በደጋ ግን ከዚህ ብዙ ቀን መጨመር ያሻል። በእስራኤል አገር ባለች የእርሻ መንደር ስም የተሰየመው ቤት አልፋ ቆዳው ስስ በመሆኑ ሳይላጥ ይበላል፤ ርዝመቱም እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ማርኬትሞር 76 በሽታን ስለሚቋቋምና ዘሩ ርካሽ ስለሆነ በብዙ አገር ተወዳጅ ነው፤ ዳሩ ግን ፍሬው ረዘም ያለ፣ የሚደርስበትም ጊዜ የዘገየ ስለሆነ ከዳባት በላይ ላለው ጓሮ አይመከርም።

ገዢው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዋጋው ላይ ነው። ድቅል የሚባለው ዘር ከተራው ዘር ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ይህም በየጊዜው ሁለት ወላጆችን እያዳቀሉ ስለሚያዘጋጁት ነው። ከፍሬው ዘር ለቅሞ መልሶ የዘራ ሰው እንደ መጀመሪያው ያለ ምርት አያገኝም። ተራው ዘር ግን በሐረጉ ላይ እስኪቢጫ ከቆየ ፍሬ ወጥቶ፣ በራሱ ጭማቂ ሁለት ቀን ያህል ተቀምጦ ከታጠበና ከደረቀ፣ በሌላ ዓይነት ኪያር እስካልተዳቀለ ድረስ ለሚመጣው ዓመት ያገለግላል። ስለዚህም በዳባት ወይም በደባርቅ ለሚኖር ቤተ ሰብ ቀደም ብሎ የሚደርስ ትንሽ ተራ ዘር ይበቃዋል። ቡይት ራስን በመሰለ ሥፍራ ግን በላስቲክ ቤት ውስጥ ካልሆነ ሙከራው ገንዘብ ማባከን ነው። በላስቲክ ቤት ውስጥ ደግሞ ንብ እንደ ልብ አትገባም፤ በሜዳውም ቢሆን ሙቀቱ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ ካነሰ ከቀፎዋ አትወጣም። ለዚህ ሥፍራ የሚሻለው እንስት አበባ ብቻ እያወጣ ያለ ንብ የሚያፈራው የቤት አልፋ ድቅል ነው። ዋጋው ቢከብድም ተራው ዘር በዚያ ሥፍራ አበባ እንጂ ፍሬ ስለማይሰጥ፣ ውድ የተባለው ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

የሚዘራበትም ወር እንደ ዘሩ ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል። ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ብዙ ሰው በመስከረም መዝራት ይወዳል፤ ነገር ግን ሐረጉ በሚያብብበት በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳዩ ይደርስበታል። ያን ጊዜ ገዢው የሚወቅሰው ወሩን ሳይሆን ዘሩን የሸጠለትን ባለ ሱቅ ነው። ዘሩን በየካቲት በጣሳ አፈር ውስጥ ከምድጃ አጠገብ አብቅሎ፣ ችግኙን ቀን ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ ካብ ሥር መትከልና ሌሊት ላስቲክ ማልበስ ይሻላል። የምንጩን ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ ከማፍሰስም በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ አውሎ ማጠጣት ሥሩን ከድንጋጤ ያድነዋል። በዚህ ዓይነት የተያዘ ተክል ክረምቱ ሳይጠና በግንቦት ይለቀማል።

ለአንድ ቤተ ሰብ 10 ወይም 12 ሐረግ ይበቃል። አንድ ግራም ዘር ደግሞ 35 ያህል ፍሬ ስላለው ትልቁን ጣሳ መግዛት ለባለ ጓሮ ትርፍ የለውም። ዘር አስመጪዎች ትንንሽ እሽግ ቢያቀርቡ ገበያ ያገኛሉ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የዘሩ ስም፣ ተራ ወይም ድቅል መሆኑና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለበት። በመድኃኒት የታሸ ባለ ቀለም ዘር መርዝ ስለሆነ ከእህልና ከቅመም ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም። ከውጭ የሚገባው ዘር ከተላከበት አገር የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት ስለሚያሻውና ወረቀቱም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ለየካቲት የሚደርስ ዘር የሚፈልግ የደባርቅ ባለ ሱቅ ትእዛዙን መኸሩ ሳይገባ ለአዲስ አበባ ደንበኛው መላክ ይኖርበታል።